እንከን የሌለበት ማሽን

ገርጂ፣ ዓርብ ጥቅምት 22 ቀን 1989 ዓ.ም.

ልጄ ሉላ፣

ሰላምታዬ ቤይሩት ድረስ ይምጣልሽ። እኛ ደኅና ነን። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደርሶኝ ሳለ እስከ ዛሬ ያቆየሁት የጠየቅሽኝን ነገር ስለማላውቅ ነው። የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ መጻፍ አልፈለግሁም፤ ስለዚህ ሄጄ ጠየቅሁ።

ወንድምሽ የጻፈልሽ እውነት ነው። ቦሌ ሄጄ የሚሠራበትን የታይፕ ጽሕፈት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ዕፀገነትን አነጋግሬያቸዋለሁ። «ፀጋዘአብ የራሱ ማሽን ካለው ሥራውን ቤቱ እልክለታለሁ። በዚያ እግሩ ሦስት ፎቅ ሲወጣ ሳየው የምደክመው እኔ ነኝ» አሉኝ። በቀን አራት ታክሲ ከሚሳፈር አልጋው ላይ ሆኖ ቢጽፍ ይሻለዋል። ጠረጴዛ ላይ የሚቆመው ኮምፒዩተር ይረክሳል ብለሻል፤ ልክ ነሽ። ነገር ግን አባታችሁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ተከራይተው ያሳደጓችሁባትን የጓሮ ክፍሌን ታውቂያታለሽ፤ አልጋውና ሣጥኑ ከገቡ በኋላ በሩ እንኳ የሚከፈተው በግድ ነው። መብራትም በሳምንት ሁለት ቀን ይጠፋል። ጭን ላይ የሚቀመጠው፣ ላፕቶፕ የሚሉት፣ ባትሪ አለው።

መገናኛ ኮምፒዩተር የሚጠግነው ሚስባህ ዘንድ ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ።

«እማማ፣ ልትፈትኚኝ ነው የመጣሽው?» አለኝ።

«አንደኛ፣ በእርስዎ አናግረኝ። ሁለተኛ፣ አዎ።»

«እሺ እርስዎ! ይቀመጡ እርስዎ!» ብሎ ወንበሩን በእጅጌው ጠረገልኝ።

ጅል አይደለም። አዲስ እንዳትገዢ አለ። «ያገለገለ፣ ፎር ኤይቲ ሲክስ የሚባለው የቆየው ዓይነት ይበቃዋል። ልጁ ጽሑፍ ነው የሚጽፈው፤ ሮኬት አያስነሣም።» ባለ ቀለም ስክሪን ጌጥ ነው፤ ጥቁርና ነጩ ይሆናል። ሚሞሪው ከስምንት ሜጋባይት አይነስ። ፍሎፒ የሚባለው የጽሑፍ ዲስክ የሚገባበት ቀዳዳ ከማሽኑ ጋር አብሮ የተሠራ ይሁን፤ ሥራው ወደ ቦሌ የሚመላለሰው በፍሎፒ ነውና። ያገለገለ ባትሪ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ይህን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው አለ።

ይህን ሁሉ በሌላ ወረቀት ለይቼ ጽፌልሻለሁ። ሱቅ ስትገቢ እሱን ያዢ። ፀጋዘአብ ደግሞ የራሱን ገጽ ጨምሮልሻል። ትንሽ ያስለዋል፤ አቧራው ነው።

አክባሪሽ፣ የሺአረግ

ቤይሩት፣ ኅዳር 20 ቀን 1989

እትዬ የሺአረግ፣

እንደምን አሉልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የእኔን ከጠየቁ ደኅና ነኝ። ፀጋ በገጹ ስለ አሠሪዬ ስለ ማዳም የጠየቀኝን ለሌላ ጊዜ ይተውልኝ። ደመወዝ ታዘገያለች እንጂ አታስቀርም፤ ይህ እዚህ አገር ትልቅ ነገር ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከዘውዲ ጋር ሄድን። ዘውዲ ከእኛ ሁለት ፎቅ በታች ያለ ቤት ውስጥ የምትሠራ የአክሱም ልጅ ናት፤ ዐረብኛው ከእኔ ይልቅ እሷን ይወዳታል። ወረቀትዎን አውጥቼ አንድ በአንድ ስጠይቀው ባለ ሱቁ ወደ ዘውዲ ዞሮ፣ «ይቺ ልጅ ሠራተኛ ናት ወይስ ኢንጂነር?» አላት።

«ስድስት ቀን ሠራተኛ፣ እሑድ ኢንጂነር» አለችው።

ሳቀ፣ ሳቀና ከጓዳ አንድ አወጣልን። ያገለገለ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ስምንት ሜጋባይት፣ ፍሎፒው ከራሱ ጋር። ሲከፈት እንደ መጽሐፍ ነው፤ ክዳኑ ጥግ ላይ ግን ትንሽ ተሰንጥቋል። ሦስት መቶ ሃምሳ ዶላር አለኝ። በዓመት ከመንፈቅ ለቤት ኪራይና ለፀጋ መድኃኒት ከምልከው የተረፈኝ አራት መቶ ነው፤ ግማሹ ግን ገና በማዳም እጅ ነው። ሃያ ዶላር ቀብድ ሰጥቼዋለሁ። የሦስት ወር ደመወዜ እስኪመጣ፣ እስከ የካቲት መግቢያ ያቆይልኛል።

ውሌ ግንቦት 24 ያልቃል። በእጄ ይዤው እመጣለሁ፤ ሻንጣ ውስጥ አላስገባውም። እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የምወርደው።

ልግዛው? እርስዎ ግዢ ካላሉኝ አልገዛም። ለፀጋ ይንገሩት፤ ሲጠብቅ ደስ ይለዋል።

ልጅዎ ሉላ

ገርጂ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1989

ልጄ ሉላ፣

ግዢው። ሚስባህ ያለውን ሁሉ ያሟላል። ለክዳን ስንጥቅ ብለሽ ሌላ ስትፈልጊ አትንከራተቺ፤ የምንጽፈው በክዳኑ አይደለም።

ወንድምሽ ከተኛ አምስት ቀኑ ነው። ጉንፋኑ ወደ ደረቱ ገብቷል። ሐኪም አይቶት መድኃኒት አዞለታል። እንዳልጽፍልሽ ለምኖኝ ነበር፤ እኔ ግን በዚህ ቤት ከሉላ የሚደበቅ ነገር የለም አልኩት። ማሽኑ ተገኘ ስለው ቀና ብሎ፣ «ክብደቱ ስንት ነው?» አለ። ሚስባህ እንዳለኝ ሦስት ኪሎ ገደማ ነው አልኩት። ከጓዳ ስኳር በከረጢት አስመጣኝና ሦስት ኪሎውን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቹን በከረጢቱ ላይ አንቀሳቀሰ። «ይቻላል» አለ።

ስለዚህ ክብደቱ ተፈትኗል። ለራስሽ ተጠንቀቂ።

የሺአረግ

ገርጂ፣ እሑድ ጥር 18 ቀን 1989

(ይህ ደብዳቤ አልተላከም።)

ልጄ ሉላ፣

ወንድምሽ ፀጋዘአብ ሐሙስ ጥር 15 ቀን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ዐረፈ። የሳንባ ምች ነው። ሆስፒታል ስድስት ቀን ተኝቶ ነበር። ዓርብ ቦሌ ሚካኤል ተቀበረ። ዕድሩ ድንኳን ተክሏል፤ ሰው አልጎደለም። ወይዘሮ ዕፀገነት ጽሕፈት ቤቱን ዘግተው ከነሠራተኞቻቸው መጥተዋል። እኔ እስከ መጨረሻው አጠገቡ ነበርኩ። በዚህ አልዋሽሽም፤ ቀላል አልነበረም።

ማሽኑን አትግዢ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ፖስታው ላይ ስምሽን ስጽፍ አቶ ኃይለኪሮስ ገቡ። የአባትሽ የአክስት ልጅ ስለሆኑ ለሐዘኑ የቀረበው ዘመድ እሳቸው ናቸው። የቀረውን የምጽፈው የተባባልነውን እንዳልረሳው ነው።

«ምንድን ነው የያዙት?» አሉኝ።

«ለሉላ ነው።»

«መርዶ በፖስታ? ምን ነካዎት፣ እትዬ የሺአረግ! ማን ይይዛታል? ማን ውኃ ያቀምሳታል? በሰው ኩሽና ቆማ ታንብበው?»

«ወንድሟ ነው። ማወቅ አለባት።»

«ማን አትወቅ አለ? አራት ወር ናት። ትመጣለች። በጧት ተሰብስበን፣ በግራና በቀኝ ይዘን፣ በአባቷ ደጅ እናረዳታለን። ወጉ ይኸው ነው።»

«አራት ወር ሙሉ ልዋሻት?»

«ዝም ይበሉ እንጂ ይዋሹ ማን አለዎት?»

ወይዘሮ አለም፣ ጎረቤታችን፣ ልታጽናናኝ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «ያለችበት ቤት ሰባተኛ ፎቅ ነው» አለች። ዐረብ አገር ብቻዋን መርዶ ሰምታ ከፎቅ እራሷን የጣለች ልጅ ወሬ አምና ሰፈራችን ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ መከራከሬን ተውኩ።

«ገንዘቧስ? በየካቲት ማሽኑን ልትከፍልበት ነው» አልኩ።

«እሱን እርስዎ ይያዙት» አሉ አቶ ኃይለኪሮስ። «እርስዎ እንኳን በማሽን በመልአክም እንከን አያጡ። አንድ ነገር ይፈልጉበት።»

ማንም አልሳቀም። ደብዳቤውን አጠፍኩት።

ገርጂ፣ ጥር 24 ቀን 1989

ልጄ ሉላ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስለ ወንድምሽ ጠይቀሻል። ሳሉ ለቆታል። አሁን የሚያምመው ነገር የለም። በዚህ ፖስታ ውስጥ የእሱን ገጽ ባታገኚ አትቀየሚ።

ስለ ማሽኑ የጻፍኩልሽን ደግሜ አሰብኩበት። ቸኩያለሁ። የተሰነጠቀ ክዳን ዛሬ ጥግ ላይ ቢሆን ነገ ወደ መሐል ይመጣል። ያገለገለ ባትሪ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ እዚህ መብራት ሲጠፋ ሦስትና አራት ሰዓት ነው። ጥቁርና ነጩም ቀኑን ሙሉ ሲያዩት ዓይን ያደክማል ይባላል። ይህን ሁሉ በመጀመሪያ ማየት ነበረብኝ።

ቀብዱ ቢቀር ይቅር። ሌላ ፈልጊ ማለቴ አይደለም፤ ቆዪ ማለቴ ነው። ዋጋቸው በየወሩ ይወርዳል። ገንዘብሽን ያዢው፤ እዚህ ስትመጪ በእርጋታ እንመካከራለን።

የሺአረግ

ቤይሩት፣ የካቲት 18 ቀን 1989

እትዬ የሺአረግ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አፈርኩ። ስንጥቁን እኔም አይቼው ነበር እኮ። ርካሽ ስለሆነ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለወንድሜ ቁራሌው የሚሰበስበውን ዕቃ ላመጣለት ነበር።

ሃያ ዶላሩን ተውኩለት። ባለ ሱቁ፣ «ኢንጂነሯ ሐሳቧን ቀየረች?» ሲለኝ፣ «አለቃዬ ቀየሩ» አልኩት። ዘውዲ መንገዱን ሙሉ ተቆጣችኝ። «ሴትዮዋ መርካቶ በቆሎ የሚገዙ መሰላቸው እንዴ? እህል አይደል አይበጠር!» አለች። አይቀየሟት፤ አፏ ነው።

ሌላ ሱቅ ያየሁት ባለ ቀለም ነው። ባትሪው ሁለት ሰዓት ይቆያል። ክዳኑ ደኅና ነው። ስድስት መቶ ሃያ ዶላር። ፍሎፒው ብቻ በገመድ ከውጭ የሚቀጠል ነው። አሁን በእጄ አራት መቶ ሰማንያ አለ፤ ዘውዲ አበድርሻለሁ ብላለች።

አሁን የምጠይቅዎትን በትክክል ይመልሱልኝ። ፀጋ ለምን አይጽፍልኝም? ሳሉ ከለቀቀው እጁ ምን ሆነ? ባለፈው ዓመት መርፌ ተወግቶ ሲያቃስት እንኳ ሁለት ገጽ ይጽፍልኝ ነበር። በዚያ በተሰነጠቀው ማሽን ተቀይሞኝ ነው? እውነቱን ይንገሩኝ። እርስዎ አይዋሹም።

ሉላ

ገርጂ፣ መጋቢት 10 ቀን 1989

ልጄ ሉላ፣

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት።

ወንድምሽ አልተቀየመሽም። ለምን እንደማይጽፍልሽ ስትመጪ እንነጋገርበታለን፤ በደብዳቤ የሚሆን ነገር አይደለም። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ባለ ቀለሙን አትግዢው። በገመድ የሚቀጠል ነገር ገመዱ የተበላሸ ዕለት አብሮ ይቀራል፤ እዚህ ደግሞ ምትኩ አይገኝም። ሚሞሪውን አልጻፍሽልኝም። ያልተጻፈ ነገር ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። ከዘውዲ አንድ ዶላር አትበደሪ። ለማሽን ብለሽ የማንንም ገንዘብ አትንኪ።

እኔ የምፈልገው በግንቦት አንቺ እንድትመጪ ነው። ባዶ እጅሽን ነይ። ባዶ እጅሽን ብትመጪ እዚህ ቤት የሚቀየምሽ ሰው የለም።

የሺአረግ

ቤይሩት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1989

እትዬ የሺአረግ፣

ባዶ እጅሽን ነይ ያሉኝን ሳነብ አለቀስኩ። በደብዳቤ የማይሆነው ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። እርስዎ ሊሸፍኑለት ነው እንጂ ፀጋ ከእኔ ተስፋ ቆርጧል። እውነቱን ነው። ሁለት ዓመት በሰው አገር ሠርቼ መጀመሪያ የተሰነጠቀ፣ ቀጥሎ የተቀጠለ ነገር አመጣልሃለሁ አልኩት። ዝም ያለኝ ስለዚህ ነው። በልጅነቱም ሲከፋው እንደዚህ ነበር፤ አይጮህም፣ ፊቱን አዙሮ ይተኛል።

ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ፤ አይቆጡኝ። ማዳምን ለመንኳት። «አንድ ዓመት ጨምሪልኝ፣ ሰባት መቶ ዶላር ዛሬ አስቀድሜ እሰጥሻለሁ» አለችኝ። ፈረምኩ። እስከሚቀጥለው ዓመት ግንቦት መሆኑ ነው። ያልፋል፤ ሁለቱም አልፏል።

የገዛሁት ፔንቲየም ነው፤ ከፎር ኤይቲ ሲክሱ የሚፈጥነው አዲሱ ዓይነት። የተጠቀመበት ሰው ሦስት ወር ብቻ ነው። ቀለም አለው። ባትሪው ሦስት ሰዓት ነው፤ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስኪያልቅ ጠበቅሁት። ሚሞሪው ዐሥራ ስድስት ነው። ፍሎፒው ከራሱ ጋር ነው፤ ሦስት ፍሎፒ አስገብቼ አውጥቼ አይቼዋለሁ። ክዳኑን የእጅ ባትሪ አብርቼ ዙሪያውን ፈተሽኩት። አንድ ሺህ አንድ መቶ ኀምሳ ከፈልኩ። እትዬ የሺአረግ፣ እስቲ አሁን እንከን ይፈልጉበት!

ዋቅጅራ የሚባል የቢሾፍቱ ሰው፣ መርከብ ላይ የሚሠራ፣ በግንቦት አጋማሽ አገር ይገባል። በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ለፀጋ ሲሰጡት ፊቱን ይዩልኝና ይጻፉልኝ። እንዳልወደደው ሆኖ ቢስቅ እንኳ ይጻፉልኝ።

ሉላ

ገርጂ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 30 ቀን 1989

ልጄ ሉላ፣

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አታንብቢው። እዚህ ላይ አቁሚና ዘውዲን ጥሪ። እስክትመጣ ድረስ አጥፈሽ አስቀምጪው። ስትመጣ ቁጭ በሉ፤ የቀረውን እሷ ታንብብልሽ።

ዘውዲ፣ አንተዋወቅም። በር ዝጊ። እጇን ያዢያት።

ሉላ፣ ወንድምሽ ፀጋዘአብ ሞቷል። የሞተው ሐሙስ ጥር 15 ቀን ነው። ከጉንፋን የተነሣ የሳንባ ምች ነው። በማግሥቱ ቦሌ ሚካኤል ቀብረነዋል። አልተቀየመሽም። ሊጽፍልሽ ያልቻለው በሕይወት ስለሌለ ነው።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ያልኩት በግንቦት ስትመጪ በሰው መሐል፣ ተይዘሽ እንድትሰሚ ተብሎ ነው። ያ አንቺን ለመጠበቅ ነበር። ነገር ግን ገንዘብሽን ለማዳን ብዬ በየማሽኑ ላይ እንከን ፈለግሁ። አንቺም ያልኩሽን አመንሽ፤ ሌላ ሰው ቢሆን አታምኚም ነበር። እኔ «ቆዪ» ስልሽ አንቺ «የተሻለ አምጪ» ያልኩሽ መሰለሽ። «ባዶ እጅሽን ነይ» ስልሽ የሰማሽው የወንድምሽን ቅሬታ ነው። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። የመጀመሪያው፣ የሦስት መቶ ሃምሳ ዶላሩ፣ ይበቃው ነበር። ስለ ባትሪው፣ ስለ ዓይን መድከሙ፣ ስለ ገመዱ የጻፍኩልሽ ሁሉ ምክንያት ፍለጋ ነበር።

መፈረምሽን የጻፍሽበት ደብዳቤ የደረሰን ዕለት አቶ ኃይለኪሮስ፣ «እንግዲህ ዓመቱን ትጨርስ፤ ስትመጣ ይነገራታል» አሉ።

«ለሞተ ሰው ማሽን አንድ ዓመት የሰው ቤት ትጥረግ?» አልኳቸው።

«አሁን ቢነገራት ምን ይለወጣል? ፈርማለች።»

«ዓመቱ ምን እንደሆነ አውቃ ትሥራው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የሺአረግ መርዶ በፖስታ ላከች ይበል።»

ማሽኑ ሲደርስ ሳልከፍተው አስቀምጠዋለሁ። ካልሽኝ ሚስባህ ይሸጠዋል፤ ገንዘቡን ልኬልሽ ለማዳም ትመልሺና ትመጪያለሽ። ማዳምሽን ለምኛት። እኔ ልጽፍላት የምችል ከሆነ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም እጽፍላታለሁ።

ይቅር በዪኝ ማለት ቀላል ስለሆነ በመጨረሻ አስቀመጥኩት። ይቅር በዪኝ።

የሺአረግ

ቤይሩት፣ ሰኔ 4 ቀን 1989

እትዬ የሺአረግ፣

ዘውዲ አነበበችልኝ። ይዛኛለች። ሁለት ሌሊት ከማዳሟ ተደብቃ እኔ ዘንድ አድራለች።

ማዳም ገንዘቡን አልቀበልም አለች። «ውል ውል ነው። ደግሞም ወንድምሽ ሞቷል፤ ብትሄጂ አይነሣ» አለች። ክፉ ሆና አይመስለኝም፤ የእውነት እንደዚያ ነው የሚታያት። ፓስፖርቴ መሳቢያዋ ውስጥ ነው። ልጻፍላት ግን አይበሉ፤ ትቆጣለች። ጥቁር እንዳልለብስ ከልክላኛለች፤ ልጆቹ ይፈራሉ አለች። ዘውዲ አንድ ጥቁር ካናቴራ ፈልጋ አመጣችልኝ፤ ከሥራ ልብሴ ሥር እለብሰዋለሁ።

ስለ ገንዘቡ አልተቆጣሁም። የተቆጣሁበትን ልንገርዎት። የካቲት 9 ቀን የማዳም ትንሿ ልጅ ልደት ነበር። ጨፍሪልን አሉኝ፤ እስክስታ አሳየኋቸው። አጨበጨቡልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ማሽኑን ላገኝ ነው እያልኩ ነበር የምጨፍረው። አሁን ስቆጥር ወንድሜ ከሞተ ሃያ አምስተኛ ቀኑ ነው። አርባው ሳይወጣ ጨፍሬያለሁ። ያን ቀን እርስዎ፣ አቶ ኃይለኪሮስ፣ ወይዘሮ አለም፣ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ሳይቀር ታውቁ ነበር። በዚህ ዓለም የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይቅርታ ጠይቀውኛል። ለሱ ገና መልስ የለኝም።

ማሽኑን ይሽጡት፤ ስመጣ እንዳላየው።

አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ። በዚህ ዓመት በየሳምንቱ ይጻፉልኝ። የሆነውን ሁሉ ይጻፉ። ቢታመሙ መታመምዎን፣ ጣሪያው ቢያፈስ ማፍሰሱን፣ ሰው ቢሞት መሞቱን። ለእኔ ተብሎ የሚቀር ነገር አይኑር። አንድ ነገር አስቀርተው ባገኝብዎት ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎን ሳልከፍተው እመልሰዋለሁ።

ሉላ

ገርጂ፣ ቅዳሜ ሐምሌ 5 ቀን 1989

ልጄ ሉላ፣

እንዳዘዝሽኝ እጽፋለሁ።

ዝናቡ በጓሮው ክፍል ጣሪያ ገብቶ የፀጋዘአብን ፍራሽ አርሶታል። ፀሐይ በወጣ ቁጥር አወጣዋለሁ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። አቶ ኃይለኪሮስ ሰላም አይሉኝም። ባለፈው እሑድ በዕድሩ ስብሰባ ወንበራቸውን ከአጠገቤ አንሥተው ወሰዱ። ወይዘሮ አለም ትመጣለች፤ ግን አትቀመጥም። የግራ ዓይኔን ሞራ ጀምሮታል፤ ይህንንም የምጽፈው ወደ መስኮቱ ዞሬ ነው።

ማሽኑ ተሸጧል። ሚስባህ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር አወጣለት፤ ከገዛሽበት ብዙ ይጎድላል። ለድካሙ ልከፍለው ስል፣ «ለዚያ ልጅ ነው? አይሆንም፣ እርስዎ» አለኝ። የገዙት ወይዘሮ ዕፀገነት ናቸው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሌላ ልጅ ይጽፍበታል። ገንዘቡን በስምሽ ባንክ አስገብቻለሁ፤ ደረሰኙ ከዚህ ጋር አለ።

ፀጋዘአብ እንዴት እንደሞተ አልጠየቅሽኝም። ስትጠይቂኝ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን ሳትጠይቂኝ መጻፍ አለብኝ፤ ለአንቺ ቀርቶ ለአቶ ኃይለኪሮስም አልተናገርኩትም። ይህን ወረቀት ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ጥር 12 ቀን፣ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት፣ ሆስፒታል ሾርባ ሳጠጣው ማንኪያውን በእጁ መለሰና፣ «ለሉላ ይጻፉላት» አለኝ። «ማሽኑን አትግዛ። ገንዘቧን ይዛ ትምጣና ለራሷ ታድርገው።»

ተቆጣሁት። «እንዲህ ያለ ተስፋ የቆረጠ ቃል በእኔ እጅ አይጻፍም» አልኩት። «ትድናለህ፤ ማሽኑም ይመጣል።»

«እሺ» አለ። ደግሞ አልጠየቀኝም።

አልጻፍኩልሽም። በማግሥቱ ጽፌው ቢሆን ኖሮ በየካቲት መግቢያ፣ ገንዘቡን ሳትከፍዪ፣ የራሱ ቃል በእጅሽ ነበር። እሱ አትግዢ ካለሽ አትገዢም ነበር። እኔም እንከን ባልፈለግሁ፣ አንቺም ባልፈረምሽ፣ በዚህ ሳምንት እዚህ ነበርሽ።

ሌላ ያስቀረሁብሽ የለም።

የሺአረግ